ውስጠኛው ሸራ

አንዲት እናት ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ታላቋ ሴት፣ ታናሹ ወንድ። ቤታቸው ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ግቢውን ያቆየላቸው አባታቸው ነበር፤ አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረበት ዘመን በፊያት ኤንትሬ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር። አባት ሞተ። ወንዱ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ። ሴቷ ከእናቷ ጋር ቀረች። ስማቸውን አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈሩ ስላለ አንባቢ የሚያውቀውን ስም ቢያስገባበት ብዙ አይሳሳትም።

ልጁ ቨርጂኒያ ገብቶ ለፋ። መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ጠበቀ፣ ኋላ ታክሲ ያዘ። ከላቡ ቀንሶ በየወሩ ይልካል። ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮውን አስቀየረ፤ ውኃ በፈረቃ ሲሆን ሮቶ አስተከለ፤ በመጨረሻም ለእናቱ መመላለሻ ብሎ ብርማ ኮሮላ አስገዛ። በእድር ድንኳንም ሆነ በጽዋ ማኅበር እናቲቱን ያገኘ ሁሉ «ያን ልጅሽን ይባርክልሽ» ይላታል። «አሜን፣ አሜን» ትላለች። ክንዷን ይዛ የቆመችው ልጇም አብራ «አሜን» ትላለች። ቆርቆሮ ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ ሮቶም ከአጥር በላይ ይታያል። መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ግን ለጎረቤት አይታይም።

ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ ለጥምቀት መጣ። በመጣ በማግስቱ እናቱን እንጦጦ ማርያም ለማሳለም ሦስቱም ተያይዘው ወጡ። መውጣቱ ደህና ነበር። ሲመለሱ ግን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ሽሮ ሜዳ መንገዱ ቁልቁል ነውና፣ እህት ፍሬን በያዘች ቁጥር ከኋላ በስተቀኝ አንድ ቀጭን ጩኸት ተከተላቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ድምፅ አይሰማሽም?»

«ይሰማኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። ጋራዥ ወስጄው ነበር። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ በቸርኬው ቀዳዳ አየና ‹ሸራው ገና ነው፣ አቧራ ይሆናል› ብሎ መለሰኝ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

እህት ማርሹን ቀንሳ ወደ ኩርባው ገባች። መልስ አልሰጠችም።

ልጁ ድምፁን ያውቀዋል። ከአንዳንድ ሸራ ጎን አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ ትያያዛለች፤ ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን ነክታ እንድትጮኽ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ የታክሲውን ሸራ የሚቀይረው ራሱ ነው። እዚያ የእጅ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ስለሚበልጥ ቅዳሜ ጠዋት በአፓርታማ መኪና ማቆሚያ ላይ ክሪክ አስገብቶ የሚንበረከክ ሐበሻ ብርቅ አይደለም። «እኔ ራሴ እዚሁ ግቢ ውስጥ እቀይረዋለሁ» አለ። እናቱ ከፊት ወንበር «እጅህ ይባረክ» አለችው፤ ስለምን እንደሚያወራ ባይገባትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ፍሬን ላይ ሸራ የመለጠፍ ነገር ሲነሣ በርታ ቤንዝ የምትባለው ጀርመናዊት ሳትነሣ አትቀርም። በነሐሴ 1888 እ.ኤ.አ. ለባሏ ለካርል ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ እሱ በሠራው ባለ ሦስት እግር መኪና ከማንሃይም ተነሥታ እናቷን ልትጠይቅ ፎርትስሃይም ድረስ ነዳች፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየቁልቁለቱ የእንጨት ፍሬኑ እየተበላ ሲያስቸግራት መንገድ ላይ ካገኘችው ጫማ ሰፊ ዘንድ ጎራ ብላ ቆዳ አስመታችበት። የፈጠራው ወረቀት በ1886 የወጣው በባልየው ስም ነበር። ፍሬኑ ማለቁን ያወቀችው ግን ቁልቁለቱን የነዳችው ሴት ናት። የእኛም ልጅ ይህን ታሪክ ቢሰማ ኖሮ ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት እህቱን ሌላም ጥያቄ በጠየቃት ነበር።

ሸራውን ለመግዛት ሶማሌ ተራ ወረዱ። ልጁ «የሚጮኸው የቀኙ ብቻ ነው፣ የአንድ ጎማ ስጠኝ» ቢል ነጋዴው ሳቀበት። የአንድ አክስል ሸራ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ሁለቱ ጎማዎች እኩል አይዙም። ዋጋውን ሲነግረው ደግሞ አነጋገሩን ሰምቶ ኖሮ ጨመረበት። እህት ካርቶኑን ተቀብላ ከፈተች፣ የሸራውን ጀርባ አገላብጣ አየች፣ መልሳ አስቀመጠችና ወደሚቀጥለው ሱቅ አመራች። ከሦስተኛው ሱቅ በኋላ መጀመሪያ ከተጠራላቸው ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ገዙ። ልጁ ይህን ለጓደኞቹ እየሳቀ ሲያወራው ከረመ። እህቱ ያን የመሰለ ገበያ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትወጣ ግን አላሰበም።

ቃና ዘገሊላ ባለፈ ማግስት ሥራው ተጀመረ። ግቢው እንደ ሰፈሩ ሁሉ ዘቅዛቃ ነው፤ ለጥ ያለ ቦታ ያለው ከሮቶው ሥር ብቻ ነው። ልጁ መሣሪያውን ዘረጋ፤ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ የሽቦ ብሩሽ። እህት የስልኳን መብራት አብርታ ቆመች። አጥር የሚጋሯቸው ጡረተኛም፣ ከአባታቸው ጋር በአሰብ መንገድ የኖሩት፣ ሰፈሩ «ጋሽ ሾፌር» የሚላቸው፣ ዱካቸውን ይዘው መጥተው ጥላው ውስጥ ተቀመጡ።

«የእጅ ፍሬን ይዘሃል?» አሉት።

«አዎ ጋሼ፣ እንዳትንሸራተት።»

«ልቀቀው። የምትፈታው የኋላውን ነው፤ የእጅ ፍሬንም የሚይዘው እሱኑ ነው። ይዘኸው እሺ አይልህም። ለመንሸራተቱ የፊት ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ክተት።»

አውቆት የዘነጋው ነገር ስለነበር ሳይከራከር ለቀቀ። ሁለት ጥሩ ጥሩ ድንጋዮች ከአጥሩ ሥር አመጣ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ዳዶዎቹን አላላ፣ ከዚያ በክሪክ አነሣት። ጋሼ ተጠባባቂውን ጎማ አስወርደው ከመኪናዋ ሆድ ሥር አስገቡት፤ ክሪኩ ቢሸሽ ብረት በሰው ላይ እንዳይወርድ። ልጁ ለሸራ ይህን ያህል ጣጣ የበዛ መሰለው። ብዙዎቻችን በቤታችን መኪና ሥር የምንገባው በድፍረት ነውና እኔ በበኩሌ የሽማግሌውን ጣጣ እወድላቸዋለሁ።

ጎማው ወለቀ። ውጪኛው ሸራ ፊት ለፊት ታየ።

«ይኸው!» አለ ልጁ። «መካኒኩ እውነቱን ነው። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ይሄ ገና ከግማሽ በላይ አለው። ደግሞም አብዛኛውን የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው፤ ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያጋድላል። በከንቱ ነው የሰጋሽው፣ እትዬ።»

እህት ስልኩን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ውስጠኛውንስ አየኸው?» አሉ ጋሼ።

ውስጠኛው ሸራ ከዲስኩ ጀርባ፣ ወደ መኪናዋ ሆድ በኩል ነው ያለው። በቸርኬ ቀዳዳ አይታይም፤ ጎማው ወልቆም ቢሆን ሰው አንገቱን ካላስገባ አያየውም። ልጁ የካሊፐሩን ሁለት ቡሎኖች ፈታና በካቻቢቴ ወዝወዝ አድርጎ አወለቀው። ሊለቀው ሲል እህት ከልብስ ማስጫው የተረፈ ሽቦ አቀበለችው፤ ካሊፐር በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ ከተንጠለጠለ ቱቦው ከውስጥ ይጎዳል። ከስፕሪንጉ ጋር አሠረው። አቧራውን እፍ ሊል ሲያጎነብስም ጋሼ «በእርጥብ ጨርቅ!» ብለው ጮኹበት፤ የሸራ ብናኝ ለሳንባ አይሆንም።

ከዚያ ውስጠኛውን አወጣው። ሸራ የሚባል አልቀረውም። ያቺ የምትጮኸው ምላስ ራሷ ተፍቃ አልቃለች፤ ጀርባው፣ ብረቱ፣ ዲስኩን መላጥ ጀምሯል። በዲስኩ የውስጥ ፊት ላይ ጣት የሚሰማው ቦይ ተቀዷል።

ልጁ ደነገጠ፤ ድንጋጤው ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ።

«እስከዚህ ድረስ ምን ስትጠብቂ ነበር? በዚህ ነው እማዬን ይዘሽ ከእንጦጦ የምትወርጂው? ወይስ የእጅ ፍሬን ሳትለቂ ነው የምትነጂው? ብር አንሶሽ ከሆነ እልክ ነበር። ሌላም ካስፈለገሽ ተናገሪ። አሁንም ንገሪኝ፣ ምንድን ነው የሚያስፈልግሽ?»

«ምንም አላስፈለገኝም» አለች እህት።

ጋሼ ዱካቸውን ወደ ጎማው አስጠጉ። ሁለቱን ሸራዎች ተቀብለው አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ መዳፋቸው አሳረፉ።

«እነዚህ መቼ ነው የገቡት?»

«አንድ ላይ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«አንድ ቀን ገቡ፣ የአንድ ሰው እግር አዘዛቸው። ታዲያ ይሄ አልቆ ይሄኛው ስለምን ወፈረ?»

የእንዲህ ያለው ፍሬን አሠራር ቀላል ነው። ፒስቶኑ አንድ ብቻ ነው፤ ያለውም በውስጥ በኩል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስቶኑን ይገፋል፣ ፒስቶኑ ውስጠኛውን ሸራ ይገፋል። ሸራው ዲስኩ ላይ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ካሊፐሩን ራሱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ካሊፐሩም በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ ውጪኛውን ሸራ ይዞት ይመጣል። ሁለቱ ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨብጡት እንዲህ ነው። ፒን ከደረቀ ካሊፐሩ አይንሸራተትም። ያን ጊዜ ውጪኛው ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ውስጠኛው ብቻውን ይገፋል። መኪናዋ ግን ትቆማለች። ከባዱ ነገርም ይሄ ነው፤ መኪናዋ እስከቆመች ድረስ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ልጁ ፒኖቹን በጣቱ ሞከረ። የላይኛው ወጣ ገባ አለ። የታችኛው ንቅንቅ አላለም።

«አዲሱን ሸራ ላግባና ፒኑን ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» አለ። በዚያ ሳምንት የሚጠይቀው ዘመድ፣ የሚገባበት ድግስ ብዙ ነበረ።

«አግባ» አሉ ጋሼ። «ሲከርም ግን ይሄንኑ ታያለህ። ውድ ሸራ ብትገዛ እሱንም ይበላልሃል።» ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ። «አባትህ ጣርማ በርን ሲወርድ ገና ከዋሻው ሳይወጣ ነበር ማርሽ የሚቀንሰው። ቁልቁለቱን ሞተሩና ፍሬኑ ተካፍለው ይይዙታል። እኔ ልጅ ሆኜ ችኩል ነበርኩ፤ ሁሉንም በፍሬን እይዘዋለሁ ብዬ እወርድ ነበር። ደብረ ሲና ስደርስ ጎማዬ ይጨሳል። አባትህ ታዲያ አይሰድበኝም፤ ውኃ እየጠጣ ቁጭ ብሎ ጭሱን ያየዋል።»

ልጁ ቁልፉን ፒኑ ላይ አደረገ። ዘይት አንጠባጥቦ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ፒኑ ጮኸ፣ ዞረ፣ ወጣ። ገላው ሁሉ ቡናማ ዝገት ነው። የምትሸፍነው ጎማ ተሰንጥቃ የክረምት ውኃ ሲገባበት ኖሯል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አጠራው። የሚቀባውን ሲያነሣ ጋሼ እንደገና ከለከሉት፤ ተራ ግሪስ ያችን ጎማ ያሳብጣትና ፒኑ ተመልሶ ይያዛል። ለፒን የሚሆነው የሲሊኮን ግሪስ ሌላ ነው፤ ጎማዋም መተካት አለባት። አንድ ሰው እንደገና ሶማሌ ተራ መውረድ ሊኖርበት ነው።

«እኔ እሄዳለሁ፤ አንተን ያስወድዱብሃል» አለች እህት። አሮጌዋን ጎማ ለናሙና በወረቀት ጠቅልላ ያዘች። በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። «የእማዬ መድኃኒት በ7 ሰዓት ነው። ደብተሩ ቡፌው ላይ አለ።»

ልጁ ደብተሩን የከፈተው የክኒኑን ስም ለማየት ነበር። የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ እህቱ በትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፣ ጽሕፈቷ የተስተካከለ ነው። በግራው ገጽ መድኃኒትና ሰዓቱ ተጽፏል። በቀኙ ገጽ ሌላ ነገር አለ። «ሌሊት 8 ሰዓት ተነሣች። በር ያንኳኳው ማነው አለች። ከፍቼ አሳየኋት። ሻይ። 10 ሰዓት ተኛች።» በሚቀጥለው መስመር «8 ሰዓት ተነሣች። አሰብ የሄደው መኪና ገባ ወይ አለች። አጫወትኳት። 10 ከሩብ ተኛች።» ቀጥሎም እንዲሁ። ገጽ ገለበጠ፤ እንዲሁ ነው። ደብተሩ ሲያልቅ ሌላ ደብተር ከሥሩ አለ። እሱ የመጣበትን ሌሊት ፈለገ። ከተማው ሁሉ ከበሮ ሲመታ ያደረበትን የከተራ ሌሊትም ፈለገ፤ ሁለቱም ተጽፈዋል። በሁለቱም ሌሊት እሱ በሚቀጥለው ክፍል፣ አዲስ አንሶላ ላይ፣ ተኝቶ ነበር።

እናቱን መድኃኒቷን አስዋጣት። «አባትህ ገባ?» አለችው። «አልገባም» ብሎ ጀመረና ምን ብሎ እንደሚቀጥል ጠፋው። እሷ ግን ቀጠለች፤ ከኮምቦልቻ ስለሚመጣው ጭነት፣ ረዳቱ ስለበላው የምሳ ብር፣ ስለ ኤንትሬው ጡሩምባ። ተረኩ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀመረችው። እሱ ሁለት ጊዜ ሰማ፣ ሦስተኛው ላይ ተነሥቶ ወደ ደጅ ሊወጣ ሲል እጁን ያዘችው። ተመልሶ ተቀመጠ።

እህት ጎማዋንና ግሪሱን ይዛ የመጣችው ጥላው ወደ አጥሩ ከዞረ በኋላ ነው። ሥራው ቀጠለ። ፒኑ ተቀብቶ ገባ፤ አሁን በአንድ ጣት ይመላለሳል። የቀረው ፒስቶኑን ወደ ቤቱ መመለስ ነው፤ አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስቶኑ ካልገባ ቦታ አይኖረውም። ልጁ ሞርሳውን አምጥቶ አጠበቀ። ፒስቶኑ እሺ አላለም። ጨመረ። የሞርሳው ክንድ መጉበጥ ሲጀምር ጋሼ ከዱካቸው ተነሡ።

«ልትሰብረው ነው። ከፊት ያለው በግፊት ብቻ ይገባል። ይሄ ግን የእጅ ፍሬኑ በውስጡ ነው፤ ጥርስ አለው። እየገፋህ አዙረው እንጂ።»

ከኋላ ፍሬን ይህን የሚያህል ሰው የሚያሳስት የለም። የእጅ ፍሬን ሽቦ በካሊፐሩ ላይ የሚስብበት ዓይነት መኪና ፒስቶኑ ውስጥ ጠመዝማዛ አለው፤ ሸራው ባለቀ ቁጥር ራሱን ወደ ፊት እያራዘመ የሚቀመጥ። ወደ ኋላ የሚመለሰው በመጣበት መንገድ፣ እየዞረ ነው። በጉልበት የሚገፋው ሰው ውስጡን ይሰብርና ካሊፐር ይገዛል። ልጁ በፒስቶኑ ፊት ላይ ባሉት ቦዮች የፒንሳውን አፍ አስገባ፤ እየተጫነ ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዞረው። መጀመሪያ የዞረ አይመስልም ነበር። በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ሰመጠ።

ዓይኑን ከፒስቶኑ ሳያነሣ «ትናንት ሌሊት በስንት ሰዓት ነው የተነሣችው?» አላት።

መብራቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

«በስምንት» አለች።

«በሩን ከፍተሽ ታሳያታለሽ?»

«ካልከፈትኩላት አትተኛም። ክረምት ላይ ነው የሚያስቸግረው፤ ብርዱ ይገባል። ደግሞ ዝም ብሎ መክፈት አይበቃም፣ ወጥቶ መንገዱን ማየት አለ…» እያለች ቀጠለች። እሱ ማዞሩን አላቋረጠም። ስለ ሌሊቱ ነገረችው፤ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ላይ እንቅልፍ ስለጣላት ቀን ነገረችው፤ አንድ ጊዜ ሲወርዱ መሪ ላይ ዓይኗ እንደተከደነባትና ከዚያ ወዲህ የጠዋቱን ቅዳሴ እንደተወች ነገረችው። ስለ ብር አንድም ነገር አላነሣችም። ጋሼ ውኃ የሚጠጡ መስለው ወደ ሮቶው ዞሩ።

ፒስቶኑ ገባ። በፊቱ ያለው ቦይ ከሸራው ጀርባ ካለችው ጉብታ ጋር እንዲገጥም ጥቂት አስተካከለው። ከኮፋኖው ሥር የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ሞልቶ ወደ አፉ ደርሶ ነበርና እህት በጨርቅ መጥጣ ቀነሰችው፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል። ዲስኩን ለኩት። የመጨረሻው ውፍረት በራሱ ላይ ተቀርጿል፤ ከዚያ አልወረደም፣ ያገለግላል። ቦዩ ግን በሸራ መቀየር አይጠፋም። «ምን እናድርገው?» አለ ልጁ። «ምንም» አሉ ጋሼ። «አዲሱ ሸራ ከእሱ ጋር ይለማመዳል።»

የግራው ጎማ ጊዜ አልፈጀም፤ እዚያ ሁለቱ ፒኖች ደህና ነበሩ፣ ሁለቱም ሸራዎች እኩል ተበልተዋል። ሁሉ ከተጠበቀ በኋላ ልጁ ሞተር አስነሥቶ ሊወጣ ሲል ጋሼ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ቁልፉን ነቀሉ። «መጀመሪያ ፔዳሉን ምታ!» የመጀመሪያው ምት እስከ ወለሉ ወረደ፤ ፒስቶኑ ገና ሸራው ጋ አልደረሰም። እንዲሁ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የሚያቆመው የጎረቤት አጥር ነበር። ደጋግሞ መታ፤ ፔዳሉ ጠነከረ። ከዚያ ለጥ ባለው መንገድ ወጥተው ፈጠን እያሉ፣ ሳያቆሙ ቀነስ እያሉ፣ በመካከሉም እንዲቀዘቅዝ እየተዉት ሸራውን አለማመዱት። ጩኸት የለም።

ያን ሌሊት በስምንት ሰዓት እናቲቱ ስትነሣ በሩን የከፈተላት ወንድ ልጇ ነው። እስኪሄድም ድረስ የከፈተላት እሱ ነበር። ነገር ግን መሄዱ አይቀርም፤ ቨርጂኒያ ደግሞ በር ለመክፈት ሩቅ ነው። ሊሄድ ሲል እህቱን አስቀምጦ ሒሳብ አወጣላት። ሽሮ ሜዳ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን እዚያ በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው 1 ሰዓት። ሰው ከሥራ የሚመለስበት፣ ለታክሲ ብር የሚታፈስበት ሰዓት። «በዚያ ሰዓት መኪናዋን አቆማለሁ» አላት። ከእናቱ ራስጌ ሳይነኩት የሚከፈት ስልክ ተከለ፤ በሩን የምታሳይ ካሜራም ከኮርኒሱ ሥር አሰረ።

«ብሩ ይቀንሳላ» አለች እህት።

«ይቀንሳል። የግድግዳው ልስን ይቆይ።»

ግድግዳው ቆየ። የእድር ሰው ደግሞ ዓይን አለው፤ «ያ ልጅ ቀዘቀዘ፣ ዘንድሮ ግድግዳውን ሊያስለስን ነበር፣ ሚስት አግብቶ ይሆናል» ማለት ጀመረ። እናቲቱም በፊናዋ ለመጣው ሁሉ ታማርራለች። «አሜሪካ ሥራ ጠፍቷል መሰለኝ። ሌሊት ሌሊት እየደወለ ስለ አባቱ መኪና ይጠይቀኛል። ደግሞ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ነው የሚያስነግረኝ፤ እንዲህ ዝንጉ አልነበረም።» ሴቷ ልጅ በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ሥራ የገባችው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ምን ሆነሽ ነው ቢላት «ተኝቼ» አለችው፤ አላመናትም፣ እናትሽን አሟት መሆን አለበት ብሎ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጻፈላት።